36 ዶላር ለፓስወርድ?

ዛሬ ስለ 36 ዶላር ነው የምናወራው። ዋንፓስወርድ የሚባል የካናዳ ኩባንያ አለ። የሰውን ፓስወርድ ሁሉ አንድ ቦታ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ለዚህም ለዓመታት ከአንድ ሰው በዓመት 36 ዶላር ገደማ ሲያስከፍል ኖሯል። እሱን የመሰሉ ብዙ ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ስታዩ በመሃል ብቅ ብለው ይተዋወቃሉ፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ሲደውል “ግዴለም ግዙት፣ ትገላገላላችሁ” ይላል። እንግዲህ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ሱቅ ለከፈተ፣ ጌጃ ሰፈር ለሚኖር፣ ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ፎቆች በአንዱ ለሚሠራ ሰው ይህ ወጪ ያዋጣል ወይ?

መልሱን አላቆያችሁም። ለአብዛኞቻችሁ አያዋጣም። ፓስወርድ ማኔጀር ግን ያስፈልጋችኋል፤ በነፃ የሚገኘውም ይበቃችኋል። ከነፃውም ከሚከፈልበትም የሚቀድም አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ ጂሜይላችሁ የማን እጅ ላይ ነው?

ይህን ለምን እንደምጠይቅ ላስረዳ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ስትሄዱ ስልክ የሚጠግኑ ትንንሽ ሱቆች ታገኛላችሁ። ከአንዱ መስኮት ፊት ቆም በሉና አዳምጡ። አንዲት እናት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን ያቀብላሉ።

“ማዘር፣ ፓተርኑን ይነግሩኛል?”

“እንዲህ፣ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች ሳብና ወደ ቀኝ እጠፈው። ልጄ ናት ያስለመደችኝ።”

ጠጋኙ ቁራጭ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ነጥብ ይነቁጥና መስመሩን ይሥላል። ወረቀቱን በፕላስተር ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል፤ ስልኩም ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።

“ጂሜይሉንስ ያውቁታል? ምናልባት ከጠየቀኝ ብዬ ነው።”

“እሱንማ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው የሚያውቀው።”

ይህ ንግግር በየሱቁ በየቀኑ የሚደረግ ነው። አዲስ ስልክ ሲገዛ ሻጩ ራሱ ጂሜይል ይከፍታል። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኋላው ሌላ ሰው አለ፣ ስለዚህ ፓስወርዱ የገዢው ስልክ ቁጥር ይሆናል፤ አለዚያም ስሙና 123። አንዳንዱ ሻጭ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ይሰጣል። ክፋት የለበትም፤ ሥራውን ማፋጠኑ ነው። ዲቪ የሚሞሉልን፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚልኩልን ኮምፒውተር ቤቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኢሜይል ለሌለው ኢሜይል ይከፍቱለታል፣ ፓስወርዱን ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፣ ደንበኛውም አገልግሎቱን አግኝቶ አመስግኖ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ኢሜይሉ ሲፈለግ ኮምፒውተር ቤቱ በመልሶ ማልማት ፈርሶ ይገኛል።

አሁን ነገሩን ከፓስወርድ ማኔጀር ጋር አገናኙት። ፌስቡካችሁን ፓስወርድ ረሳሁ ብትሉት መቀየሪያውን ወደ ኢሜይላችሁ ሊልክ ይችላል። አብዛኛው የኢንተርኔት አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ እየዞረ መክፈት ይችላል። በዓመት 36 ዶላር ከፍላችሁ እያንዳንዱን ፓስወርድ ሃያ ፊደል ብታደርጉት፣ ጂሜይሉ ሻጩ በሰጣችሁ ስልክ ቁጥር የሚከፈት ከሆነ ገንዘባችሁን ውኃ በላው።

ወደ ዕቃው ራሱ እንምጣ። ፓስወርድ ማኔጀር የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ፣ ማንም የማይገምተው ረጅም ፓስወርድ ይፈጥራል፣ ያስታውሳል፣ ሲያስፈልግም ራሱ ይሞላል። እናንተ የምታስታውሱት ሁሉም የተቀመጡበትን መዝገብ የሚከፍተውን አንድ ዋና ፓስወርድ ብቻ ነው። የተለየ መሆኑ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ተሰብሮ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ወጣ፤ አንዱም በምስጢር አልተጻፈም ነበር። ሰው በብዛት ሲጠቀምበት የተገኘው 123456 ነበር። ሰርሳሪዎች እንዲህ ያለ ዝርዝር እጃቸው ሲገባ እዚያው አያቆሙም። ኢሜይልና ፓስወርዱን ይዘው ጂሜይልም ላይ፣ ፌስቡክም ላይ፣ ሌላም ቦታ በኮምፒውተር ይሞክሩታል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ለሱቁ፣ ለመጋዘኑ፣ ለቤቱና ለመኪናው አንድ ቁልፍ አያስቀርጽም፤ ኢንተርኔት ላይ ግን እሱም እኛም ሁሉን በአንድ ቁልፍ ነው የምንከፍተው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ጥቅም አለው። ፓስወርድ ማኔጀር ፓስወርዱን የሚያስቀምጠው ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር ነው። ቴሌግራም ላይ “ሽልማት ደርሶዎታል፣ እዚህ ገብተው ያረጋግጡ” የሚል ሊንክ ቢመጣና የሚከፈተው ገጽ ፌስቡክን ቁርጥ ቢመስል፣ እናንተ ትታለሉ ይሆናል። ማኔጀሩ ግን አድራሻው አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አልሞላም ብሎ ዝም ይላል። ዝም ሲል ጠርጥሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ደግሞም በአብዛኞቹ ነፃዎች ውስጥ አለ።

የማይሠራውንም እንናገር፤ ማስታወቂያው ይህን አይነግራችሁም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እጃችን ገብቷል፤ ብዙዎቻችን ከኪስ ቦርሳችን ይልቅ ብር ያለን እሱ ላይ ነው። ቴሌብር የሚከፈተው ባለ 6 አኃዝ ፒን ነው። እሱን በጭንቅላት ይዞ፣ የትውልድ ዓመትን አለማድረግ ነው እንጂ ማኔጀር አያሻውም። አንድ ሰው “ከባንክ ነው የምደውለው፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ” ሲል ቁጥሩን አንብባችሁ ከነገራችሁትም፣ የትኛውም ማኔጀር መሃል ገብቶ አያድናችሁም። በዚህ ከተማ ሰው በብዛት ገንዘቡን የሚያጣው በእንዲህ ያለ ስልክ ይመስለኛል። ቴሌግራምም እንደዚሁ በኮድ ነው የሚነጠቀው፤ መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሁለተኛ ፓስወርድ ማብራት ነው፤ ዋጋ አይጠይቅም።

“ሁሉን አንድ ቦታ ካስቀመጥሁ፣ ያ ቦታ ቢሰበርስ?” የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተሰብሮም ያውቃል። ላስትፓስ የዚህ ሥራ ታላቅ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሰርሳሪ እንደገባበት ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የደንበኞቹ የተቆለፈ መዝገብ ቅጂ መወሰዱን አመነ። እዚህ ላይ ነገሩን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። መዝገቡ የተቆለፈው በደንበኛው ዋና ፓስወርድ ነው፤ ኩባንያው ራሱ አያውቀውም። ዋና ፓስወርዱ ረጅምና የማይገመት የነበረ ሰው፣ ሌባው ሳጥኑን ቢወስድበትም መክፈቻውን አያገኝም። ዋና ፓስወርዱ የልጁ ስምና የትውልድ ዓመት የነበረ ግን፣ ሌባው ሳጥኑን ቤቱ ወስዶ ማንም ሳይረብሸው ቀን ከሌት ይሞክረዋል። በዚያ ላይ የድረ ገጾቹ አድራሻ አልተቆለፈም ነበር፤ ማን የት አካውንት እንዳለው በግልጽ ይነበባል። ደግሞም ከመካከላቸው ከፋይ ደንበኞች ነበሩ። ክፍያው ከዚያ አላዳናቸውም።

ስለዚህ ከፈላችሁም አልከፈላችሁም ዋና ፓስወርዱ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። ተረትና ምሳሌ አይሁን፣ የዳዊት ጥቅስም አይሁን፤ የሚታወቅ ነገር ይገመታል። ዝምድና የሌላቸውን አምስት ቃላት ምረጡ። መዝገበ ቃላት ካላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ቦታ ግለጡ፣ ጣታችሁ ያረፈበትን ውሰዱ። ጎማ፣ ብርሌ፣ ሰኔ፣ መጋዝ፣ ትከሻ። ይኸኛው በሬዲዮ ተነግሯልና አትጠቀሙበት። ብዙ ድረ ገጽ የአማርኛ ፊደል ስለማይቀበል በላቲን ፊደል ትጽፉታላችሁ፤ አንድ ጊዜ በመረጣችሁት አጻጻፍ ጽኑ እንጂ፣ “ሰኔ”ን ዛሬ በአንድ ሆሄ ነገ በሌላ ከጻፋችሁ መዝገቡ በእናንተው ላይ ይዘጋል።

ነፃዎቹ እነማን ናቸው? አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ጎግል ፓስወርድ ማኔጀር እጁ ላይ አለ፤ ምንም አይጭንም። አይፎን የያዘም ከ2024 መስከረም ወዲህ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፓስወርድስ የሚል ራሱን የቻለ አፕ ተሰጥቶታል። ቢትዋርደን የሚባል አለ፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ ሊመረምረው ይችላል፣ በነፃው ደረጃ የፈለጋችሁትን ያህል ፓስወርድ በፈለጋችሁት ያህል ስልክና ኮምፒውተር ታስቀምጡበታላችሁ። ኪፓስ የሚባለውን ደግሞ አንድ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመረው፤ መዝገቡ ወደ የትም አይሄድም፣ በእናንተው ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ለኮምፒውተር ሰው ጥሩ ነው። ፍላሽ ለሚጠፋበት ሰው አልመክርም።

እኔን ብትጠይቁኝ ቢትዋርደንን አስቀድማለሁ፤ በተለይ ስልኩ አንድሮይድ ሆኖ የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ለሆነ ሰው። በአገራችን ኢንተርኔት የተቋረጠባቸውን ቀናት ታስታውሳላችሁ፤ ቢትዋርደን ኔትወርክ ባይኖርም፣ ከአፑ ሙሉ በሙሉ እስካልወጣችሁ ድረስ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ ከፍቶ ያሳያችኋል። አዲስ መጨመር ግን ኔትወርኩ እስኪመለስ ይጠብቃል። የጎግሉ መጥፎ አይደለም፤ ከምንም በእጅጉ ይሻላል። ግን ሁለት ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ያ ጂሜይል ነው። ሁለተኛው የስልኩ መክፈቻ ነው፤ በብዙ ስልክ ላይ ፓተርኑን ያወቀ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የተቀመጡትን ፓስወርዶች አንድ በአንድ ማንበብ ይችላል። ያቺ ስልኩ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ምን እንደምትከፍት አሁን ገባችሁ?

ለጥገና ስትሰጡ፣ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ሜንተናንስ ሞድ የሚባል ነገር አላቸው። እሱን ስታበሩት ስልኩ የእናንተን ፎቶና አካውንት ደብቆ ባዶ ሆኖ ይነሣል፤ ጠጋኙ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ስክሪኑን ይፈትሻል፣ ሲጨርስ እናንተው በመክፈቻችሁ ትመልሱታላችሁ። ስልካችሁ ይህ ከሌለው ቢያንስ ጥገናው ሲያልቅ እዚያው ቆማችሁ ፓተርኑን ቀይሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ማለትም የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 36 ዶላር 2,000 ብር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ኩባንያው ዋጋውን ባይነካ እንኳ ሒሳባችሁ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቢትዋርደን የሚከፈልበትን ለዓመታት በዓመት 10 ዶላር ነበር የሚሸጠው። እነዚህ ዋጋዎች ይቀያየራሉና ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ተመልከቱ።

መክፈያውስ? ከብር ሒሳብ ጋር የተያያዘ የኤቲኤም ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት በአብዛኛው አይሠራም። ለዚህ ነው ሰው ወደ ቴሌግራም ደላሎች የሚሄደው፤ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ እነሱ በራሳቸው ካርድ ይከፍሉላችኋል። ለፊልም ወይም ለቴሌግራም ፕሪሚየም እንዲህ ማድረግ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ለፓስወርድ ማኔጀር ግን እባካችሁ አታድርጉት። ደላላው “አካውንቱን ከፍቼ ልስጥህ” ካለ፣ የሁሉ ነገራችሁን መዝገብ በማታውቁት ሰው ኢሜይል አስከፈታችሁ ማለት ነው።

“ነፃ የሆነ ነገር ግን ነገ ቢቋረጥስ?” ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ላስትፓስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ነፃ ተጠቃሚዎቹን ከኮምፒውተርና ከስልክ አንዱን ምረጡ ብሎ አስገደዳቸው። ማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር ውስጥ የነበረው ፓስወርድ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቶ ሰዎች ወደ ሌላ አዛውሩ ተባሉ። ይህ ግን የመክፈል ምክንያት አይሆንም፤ የሚከፈልበትም ዋጋ ይጨምራል፣ ይሸጣል፣ ይዘጋል። ዋናው ነገር መዝገባችሁን አውጥታችሁ ወደ ሌላ መውሰድ መቻላችሁ ነው። የጠቀስኋቸው ሁሉ ይህን ይፈቅዳሉ።

መክፈል ያለበት ሰው አለ? አለ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ክሊኒክ ወይም አስመጪ ድርጅት ያላችሁ፣ ይህን ክፍል ለእናንተ ነው የማወራው። የድርጅቱ ፌስቡክ ገጽ በእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ነው የሚንቀሳቀሰው። የንግድ ፈቃድ የሚታደስበትን የኢትሬድ አካውንት ሒሳብ ሠራተኛው በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው። የግብር ማሳወቂያውን የኢ-ታክስ ፓስወርድም እሱ ነው የሚያውቀው። ሰውየው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፣ ወይም ትጣላላችሁ፤ ሐምሌ ይደርሳል፣ ግብር የሚያሳውቅ ይጠፋል። እንዲህ ላለ ድርጅት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው አንድን አካውንት ለሚጋራበት ቤት፣ በሰው ተቆጥሮ የሚከፈለው የቡድን አገልግሎት ያዋጣል። ባለቤቱ መዝገቡን ይይዛል፣ ለየሠራተኛው የሚያስፈልገውን ብቻ ይከፍትለታል፣ ሲለቅ ይዘጋበታል። ፓስወርዱንም በዚያው ቀን ይቀይራል፤ ሰውየው አይቶት ከነበረ በጭንቅላቱ ይዞት ሊሄድ ይችላልና። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን የቢትዋርደን ነፃው ለሁለት ሰው ማጋራት ይፈቅዳል፤ አትክፈሉ። በነገራችን ላይ፣ የለቀቀ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ተመልሶ የድርጅቱን አካውንት ቢከፍት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቀዋል። ክስ ከመመሥረት ግን ፓስወርድ መቀየር ይቀልላል።

ሌላው መክፈል የሚችለው፣ በዶላር ተከፋይ የሆነና የሚሠራ ካርድ በእጁ ያለ ሰው ነው፤ ለውጭ ደንበኛ ከቤቱ የሚሠራ ወጣት ለምሳሌ። እሱ የደርዘን ደንበኞች ቁልፍ ይዟል። ከዚያ ደግሞ ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። የቢትዋርደን የቤተሰብ አገልግሎት እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ለራሷ ስትከፍል እናቷንና ወንድሟን አብራ ማስገባት ትችላለች። በሚከፈልበት ውስጥ እኔ በእውነት ዋጋ የምሰጠው አንድ ነገርም እዚህ ይጠቅማል፤ አደጋ ጊዜ መግቢያ የሚባለው። አንድ የምታምኑትን ሰው ትመዘግባላችሁ፤ ያ ሰው መዝገባችሁን ልክፈት ብሎ ሲጠይቅ፣ እናንተ በወሰናችሁት ቀን ውስጥ እምቢ ካላላችሁ ይከፈትለታል። አባወራው ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ወይም እግዜር አያድርገውና አልፎ፣ ቤተሰቡ ከስልኩ ጋር ሲታገል ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ለማይከፍል ሰው ደግሞ ዋና ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ከቤት ካርታው ጋር ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ዛሬ ማታ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ጂሜይላችሁ ውስጥ ግቡ። ፓስወርዱን ራሳችሁ አውጥታችሁ ቀይሩት። መመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የእናንተ መሆኑን እዩ፤ የሻጩ ቁጥር ወይም ድሮ የጣላችሁት ሲም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተተወ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። የትኞቹ ስልኮች ላይ እንደተከፈተም ይዘረዝርላችኋል፤ የማታውቁት ካለ አስወጡት። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ነፃውን ማኔጀር የምትጭኑት። ሁሉንም ፓስወርድ በአንድ ሌሊት ካልቀየርሁ አትበሉ፤ ይሰለቻችሁና ትተዉታላችሁ። ኢሜይል፣ ፌስቡክ፣ የሥራ አካውንት፤ የቀረውን በገባችሁበት ጊዜ አንድ በአንድ።

ቀድሞውኑ ከፍላችሁ የምትጠቀሙና ዶላሩ ያስጨነቃችሁ ደግሞ ክፍያው ከማለቁ በፊት መዝገባችሁን አውጡ። ቢትዋርደን ካልከፈላችሁ ወደ ነፃው ይመልሳችኋል፤ ዋንፓስወርድ ግን የነበረውን ማየትና ማውጣት ይፈቅዳል እንጂ አዲስ አያስጨምራችሁም። ስታወጡ የሚሰጣችሁ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ያልተቆለፈ ነው፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። በኮምፒውተር ቤት አታድርጉት፣ በቴሌግራምም ለራሳችሁ አትላኩት። ወደ አዲሱ ካስገባችሁት በኋላ ከዳውንሎድም ከቆሻሻ መጣያውም አጥፉት። በሉ፣ ደህና እደሩ።